ስብ ስለበላን ነው ወይ የልባችን ቧንቧ የሚደፈነው? ስለ ስብና ስለ ብግነት የተሳሳቱ ወሬዎች

«የበላኸው ስብ ሄዶ ቧንቧህ ላይ ይለጠፋል» ሲባል ያልሰማ የለም፣ ግን ነገሩ እንደዛ አይደለም። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ነጭ የደም ህዋሳት ሊያፀዱት መጥተው ይውጡታል፣ ውጠው ውጠው በስብ ይነፉና እዛው ይቀራሉ፣ ከዛ ሌሎቹን ይጠራሉ፣ ብግነት የሚባለው እሱ ነው። ካልበረደ ደግሞ የተጠራቀመውን የሸፈነው ስስ ሽፋን ይቀደድና ደም ይረጋበታል፣ ብዙውን ጊዜ ሃርት አታክ የሚመጣው እንዲህ ነው። በ2017 የወጣው ካንቶስ የተባለ ጥናት ላይ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነቱን ብቻ የሚያበርድ መድሃኒት ሃርት አታክ ለነበረባቸው ሰዎች ተሰጥቶ ድጋሚ አደጋውን ቀንሷል፣ ስለዚህ ብግነቱ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

«እና ስብ እርም ልበል?» አይ! ስፔን ኮርዶባ ውስጥ 1,002 የልብ ህመምተኞችን 7 ዓመት ተከታትለው ነበር፣ ግማሹ ስብ የቀነሰ ምግብ፣ ግማሹ የወይራ ዘይት፣ አሳና ዋልነት የመሳሰሉት የበዙበት ምግብ፣ በ2022 ውጤቱ ሲወጣ የተሻለው ስቡን ያልሸሸው ነው። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ስንት ህመምተኛ ዘይት የሚባል ፈርቶ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ላይ ይወድቃል፣ እሱ ደግሞ ምንም አይጠቅመውም።

ግን ቅቤው ሳይቀንስ ወይራ ዘይት ከላይ መጨመር ጥቅሙ አይታየኝም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ዋናው ወይራ ዘይቱ በምን ምትክ ገባ የሚለው ነው።

«ከእፅዋት ከመጣ ጤናማ ነው» የሚሉም አሉ። የኮኮናት ዘይት ከእፅዋት ነው፣ ከ80 በመቶ በላይ ግን የሚረጋ ስብ ነው፣ ኤልዲኤልንም ይጨምራል። በተቃራኒው የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ኦሜጋ 6 የሚባል የስብ ዓይነት ስላላቸው ብግነት ያስነሳሉ ይባላል፣ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ሲአርፒ የሚባለውን የብግነት መለኪያ ከፍ ሲያደርጉ አልታየም።

ጥሩ ያልተጣራ የወይራ ዘይት ስትቀምሱ ጉሮሮ ጫር ያደርጋል አይደል? እሱ ኦሊዮካንታል የሚባለው ነው፣ ኢቡፕሮፌን እንደሚባለው የህመም ማስታገሻ ዓይነት ስራ አለው፣ መጠኑ ግን ከአንድ ክኒን በጣም ያነሰ ነው። ይሄን ሰምቶ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድሃኒቱን የሚያቆም ሰው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። እባካችሁ፣ የታዘዘላችሁን ሀኪማችሁን ሳታናግሩ አታቁሙ፣ ምግቡን ከመድሃኒቱ ጋር አብራችሁ ያዙት።