«ይሄ ቀለም ስንት ውሃ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስህተት ነው

ቀለም መሸጫ ደጃፍ ላይ ትንሽ ብትቆሙ ከዋጋ ቀጥሎ የምትሰሙት ጥያቄ ይሄ ነው። «ስንት ውሃ ይችላል?» ሻጩ «ግማሽ በግማሽ ይችላል» ይላል፣ ገዢው ደስ ብሎት ባልዲውን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ የምኖረው በቀለም ሥራ ነው፣ እውነት ለመናገር ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ስለ ውሃ ቀለም፣ ማለትም በውሃ ስለሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም፣ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«ጥሩ ቀለም ብዙ ውሃ ይችላል»

አይችልም። ክዳኑ ሲነሳ ቀለሙ እንደ እርጎ ረግቶ ስላያችሁት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ውፍረቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ማወፈሪያ ነው፣ ማወፈሪያ ደግሞ ርካሹም ቀለም ውስጥ ይገባል። ጥራቱን የሚወስነው ማጣበቂያውና ግድግዳውን የሚሸፍነው የቀለም ዱቄት ነው። ማጣበቂያው በጣም ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ሆኖ ውሃው ውስጥ ተበትኗል። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ዱቄቱን እንደያዙ ይዋሃዱና አንድ ሽፋን ይሆናሉ። የገዛችሁት እሱን ሽፋን ነው። ውሃውማ ተንኖ ይሄዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባልዲው 35 በመቶው ሲደርቅ የሚቀር ነገር ነው እንበል። 20 ሊትር ውስጥ 7 ሊትር አላችሁ ማለት ነው። 10 ሊትር ውሃ ስትጨምሩበት ባልዲው 30 ሊትር ይሆናል፣ የሚቀረው ግን ያው 7 ሊትር ነው። ብዙ ካሬ ሸፈንኩ ብላችሁ ስትደሰቱ የሽፋኑን ሲሶ ቀንሳችኋል። ከዚያ የታችኛው አልፎ ይታያል፣ ሦስተኛ እጅ (ሦስተኛ ዙር ቅብ) ይጨመራል፣ አራተኛ ይጨመራል፣ ያተረፋችሁት ገንዘብ ለእጅ ዋጋ ይሄዳል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም አንዲት እናት ጠርተውኝ የልጆቹን ክፍል አሳዩኝ። ልጆቹ የጫሩትን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ተነስቶ ጂፕሰሙ ወጥቷል። «ቀለሙ ፎርጅድ ነው» አሉኝ። ባልዲው በረንዳ ላይ አበባ ተተክሎበት ስለነበር አየሁት፣ ቀለሙ ደህና ቀለም ነው። ችግሩ ባለ ሁለት መኝታውን ቤት ከነኮርኒሱ ሁለት እጅ የቀቡላቸው በዚያ አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ፣ ለአንድ እጅ፣ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 20 ሊትር 200 ካሬ ነው፣ ያውም አንድ እጅ ብቻ! ያ ቤት ለሁለት እጅ የዚያን እጥፍ ገደማ ይፈልግ ነበር። የቀረውን የሞላው የቧንቧ ውሃ ነው።

ሥራውን ከነዕቃው ስትሰጡ ይሄ ይመጣል፣ ምክንያቱም የተቆጠበው ቀለም ትርፍ የሚሆነው ለሠራተኛው ነው። ከቻላችሁ ቀለሙን ራሳችሁ ግዙና የእጅ ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ። ካልቻላችሁ ክዳኑ ሲከፈት እዚያው ቁሙ። ለመጨረሻዎቹ እጆች ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ውሃ ይበቃል። ለ20 ሊትር 10 በመቶ ማለት ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ነው፣ ለ4 ሊትር ጋሎን ደግሞ ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። ባልዲው ላይ የተጻፈው ከእኔም ከሻጩም ይበልጣል፣ አንብቡት።

«እንግዲያው ጭራሽ ውሃ አይንካው»

ይሄም ልክ አይደለም፣ በተለይ አዲስ ጂፕሰም ወይም ስቱኮ ላይ። አዲስ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል። ወፍራም ቀለም ሲያርፍበት ግድግዳው ውሃውን ይመጥበትና ቀለሙ ሳይዘልቅ ላዩ ላይ ይደርቃል፣ በኋላ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉ እንደ ወረቀት ይላጣል። ስለዚህ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) ካልተቀባ የመጀመሪያው እጅ ቀጠን ይበል፣ እስከ 20 እና 30 በመቶ የሚፈቅዱ ቀለሞች አሉ። ይህ ግን ለመጀመሪያው እጅ ብቻ ነው! ብዙ ሰው ለመጀመሪያው የበጠበጠውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይጨርስበታል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ክረምት የከረመ እርጥብ ግድግዳ ላይ ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብሎ በጳጉሜ መጣደፍም ያው ነው፣ ቀለሙ ያብጣል።

«ትንሽ ቤንዚን ወይም ቲነር ጠብ ቢደረግበት ቶሎ ይደርቃል»

ቀለሙ ይቋጠራል፣ ይበላሻል። ንጹህ ውሃ ብቻ።

«ስስ አድርጎ መቀባት ማለት ማቅጠን ነው»

ስስ የሚደረገው በሩለር ነው። ሩለሩን ጨመቅ አድርጋችሁ በደንብ ዘርጉት።

«በዓይን ይገመታል»

አንዱ ባልዲ ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ሲመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት መልክ ታያላችሁ፣ በተለይ መስኮት አጠገብ። በመለኪያ አድርጉ፣ ከሥር እያነሳችሁ በደንብ አማስሉት፣ ለአንድ ክፍል የሚሆነውን በአንድ ላይ በጥብጡ።

«የበጠበጥነው ይቀመጣል»

ውሃ ሲጨመር እንዳይበላሽ የተደረገበት መድኃኒትም ይቀጥናል፣ ከሰነበተ ይሸታል። የቀኑን ብቻ በጥብጡ።

«ዱቄት የሚለቅ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ቢደረብበት ይይዛል»

መዳፋችሁን አሻሹበት። ነጭ ከሆነ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው፣ ሁለቱም አብረው ይረግፋሉ። የላላውን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ፕራይመር አንድ እጅ አስቀቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም። የሰሚቱን ክፍል እንደዚህ ነው የሠራነው፣ አሁን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።