«ይሄ ሕዝብ እስከ መቼ ይችላል?» ስለ ኑሮ ውድነትና አመጽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ የትም ብትቀመጡ ወሬው ያው ነው። ጤፍ ስንት ገባ፣ ዘይት ስንት ገባ፣ አከራይ ስንት ጨመረ። ከዚያ አንዱ ይጠይቃል፦ «ግን ይሄ ሕዝብ እስከ መቼ ይችላል?» መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ይፈነዳል»፣ ወይ ደግሞ «ይሄ ሕዝብ? መቼም አይነሳ!»። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ነገሩ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነም ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ረሃብ ሲጠና ሕዝብ ይነሳል»

እንዲህ ቢሆን ኖሮ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የሚነሳው የወሎ ገበሬ ነበር። እሱ ግን ልጆቹን ይዞ እርዳታ ፍለጋ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ብዙው እዚያው መንገድ ዳር አለቀ። የተራበ ሰው ያለችውን አቅም የሚያውላት ለዛሬ እንጀራ ነው። ለሰልፍ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ያመጣል?

በዚያው ዓመት የተነሱት ሌሎች ናቸው። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በሚቀርብላቸው ምግብ ተማረዋል። የውሃ ፓምፓቸው ሲበላሽ ደግሞ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አትቀዱም አሏቸው። ወታደሮቹ መኮንኖቹን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲያነጋግራቸው አንድ ጄኔራል ላኩ። እሱንም ያዙትና እነሱ የሚበሉትን አበሉት። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም ቆሙ። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ።

ከእነዚህ አንዱም የአገሪቱ የመጨረሻ ድሃ አልነበረም። ወታደሩም መምህሩም ደመወዝ አላቸው፤ ባለታክሲው መኪና ይነዳል። ያንገበገባቸው ይገባናል ያሉትን መነጠቃቸውና መናቃቸው ነው። በዚያ ላይ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ወታደሩ በካምፕ፣ መምህሩ በማኅበሩ፣ ባለታክሲው በተራው። ሲቆሙም ከተማ አብሮ ይቆማል። የወሎው ገበሬ ከሞት ጋር ሲታገል ይህ ሁሉ አልነበረውም።

«ዝም ካለማ ተመችቶታል»

ይህኛው ያናድደኛል። በተለይ ከባለሥልጣን አፍ ሲወጣ።

የኢንዱስትሪ ፓርካችንን ውሰዱ። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ ሺዎች ወጣት ሴቶች መጡ። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ ለሁለት እየተኙ፣ ሽሮውን በመዋጮ እየሠሩ ኖሩበት። ወዲያው ሰልፍ አልወጡም። ጥለው ሄዱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። ይህ ተቃውሞ ካልሆነ ምንድን ነው? በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በክፍያውና በሥራው ሁኔታ ተማረው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ የፋብሪካዎቹ ምርት ያለ ቀረጥ አገሯ እንዲገባ የሰጠችውን ዕድል (አጎዋን) ስትዘጋ ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ፤ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ። ከተማው ውስጥ ድንጋይ አልተወረወረም። ተመችቷቸው ነበር የሚል ካለ ፊት ለፊታቸው ይንገራቸው።

ባለባጃጁንም እዩት። ማደያ ተሰልፎ ይውላል። ካልደረሰው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን አስወድዶ ይገዛል። አንዱን «ለምን ተሰብስባችሁ አቤት አትሉም?» አልኩት። «አቤት ስል ከዋልኩ የዛሬን ገቢ ለባለቤቱ ማን ያስገባልኛል? ታርጋዬን ቢፈቱትስ?» አለኝ። ልጁ ፈሪ አይደለም። ሒሳቡን ሠርቶታል።

እቁቡ፣ እድሩ፣ ከአረብ አገር ብር የምትልክ እህት፣ «እስከ ደመወዝ» ብሎ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ አሉ። ሸክሙን የያዙት እነሱ ናቸው። ዝምታው ረጅም የሆነው በእነሱ ትከሻ ነው፤ ትከሻ ደግሞ ይደክማል።

«ኢትዮጵያዊ ታጋሽ ነው፤ ማመጽ ባህሉ አይደለም»

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት ስላለን ይመስለኛል። ታሪካችን ግን ሌላ ነው። በ1935 ዓ.ም. ትግራይ፣ በ1952 ዓ.ም. ከእኛ ብዙ በማይርቀው ጌዴኦ፣ ቀጥሎ ባሌ፣ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም። የጎጃም ገበሬ የተነሳው አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ ነው። አውሮፕላን ቢደበድበውም አልበረደም፤ በመጨረሻ ግብሩ ተተወ። በሐምሌ 2009 ደግሞ የነጋዴው ግብር የሚሰላበት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ አምቦና ወሊሶ ሱቆች ተዘጉ።

«ሀዋሳ ለብሔር እንጂ ለዳቦ አትነሳም»

ይህን የሚሉት ሐምሌ 2011ን ይዘው ነው። ለሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሕዝበ ውሳኔ የሚደረግበት ቀነ ገደብ አለፈ፣ ወጣቱ ወጣ፣ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ።

ግን እስቲ ያን ጊዜ የወጣውን ወጣት ምን ፈልገህ ነበር በሉት። ራሱን ማስተዳደርን ይነግራችኋል፤ በዚያው ትንፋሽ ሥራን፣ መሬትን፣ በጀትን ይጠራል። ዳቦው ከጥያቄው ውስጥ ነበር። ልዩነቱ፣ ለክልልነት ጥያቄው ዓመታት የፈጀ መረብ፣ ሽማግሌና የወጣት አደረጃጀት ነበረው። የቤት ኪራይ ያስመረራቸው ግን የት ይገናኛሉ? የፓርኩ ሠራተኛ፣ ባለባጃጁና መምህሩ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አያውቁም። ሰው የሚወጣው ባለው መረብ ነው። ያለው መረብ የብሔር ብቻ ሲሆን የዳቦው ጥያቄም የብሔር ልብስ ለብሶ ይወጣል። ያኔ አብሮት የተራበ ጎረቤቱ ጠላት ሊመስለው ይችላል። ለዚህ ከተማ የምሰጋው ከምንም በላይ ይህንን ነው።

«አንዴ ከተነሳ ሁሉም ይስተካከላል»

ሱዳንን ማየት ይበቃል። በታኅሣሥ 2011 አትባራ ላይ የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲገባ ሕዝቡ ወጣ። በሚያዝያ ፕሬዚዳንት አልበሽር ወረዱ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 2015፣ ሁለት ጄኔራሎች ካርቱምን የጦር ሜዳ አደረጓት። እኛም በ1966 የባለታክሲውና የመምህሩ ጥያቄ መጨረሻው ደርግ እጅ ገብቶ አይተናል።

መሣሪያ ይፈታዋል ለሚሉ ደግሞ፦ ኤሪካ ቼኖዌት እና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ የተቃውሞ ዘመቻዎችን አጥንተው ነበር። ከሰላማዊዎቹ 53 በመቶ ያህሉ ሲሳካላቸው፣ ከትጥቅ ትግሎቹ የተሳካላቸው 26 በመቶ ያህሉ ናቸው።

«መናገር ዋጋ የለውም፤ የሚሰማ የለም»

በ1966 ባለታክሲዎቹ ከቆሙ በኋላ የነዳጁ ጭማሪ ተቀንሷል። ኬንያ በሰኔ 2016 ወጣቶቹ አዲሱን የግብር ሕግ ተቃውመው ሲወጡ ፕሬዚዳንት ሩቶ በማግስቱ አልፈርምም አሉ፤ ዋጋው ግን የብዙ ወጣት ሕይወት ነበር። በእኛም አገር በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በክፍያ ምክንያት በከፊል ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ። አንዱ የሌላው ውጤት ነው ብዬ አልምልም። ጥያቄው ግን አየር ላይ ነበር፤ ሁሉም ሰምቶታል።

የግል ሠራተኛውን ይህ ጭማሪ አይነካውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ ለማንኛችንም ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት። የምክር ቤት ተወካዮቻችን ሀዋሳ መጥተው ሲሰበስቡን ስለ ጤፉ ከጠየቅናቸው በኋላ ስለዚህ ቦርድም እንጠይቃቸው። መልሳቸውንም በቀን እንዲወስኑልን።