ወላጅን ይዞ ባዝ ውሎ መመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ለንደን ለጥየቃ ሲመጡ የመጀመሪያው ሳምንት በዘመድና በቡና ያልፋል። በሁለተኛው «እስቲ ከቤት እናውጣቸው» ይባላል፤ ከሚመረጡት ከተሞች አንዷ ባዝ ናት። ምርጫው ጥሩ ነው። ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትርቃለች፤ የሮማውያን ፍል ውሃ አላት፣ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ጃንሆይም በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። ቀኑን የሚያበላሹት ከቤት ይዘናቸው የምንወጣቸው ግምቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና በሁለት ነጥብ የተጻፉት ሰዓታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ትኬቱ ላይ 10:30 የሚለው ለእናት 4:30 መሆኑን ማታውኑ ይንገሯቸው።)

«ከደከማቸው ይነግሩናል»

አይነግሩም። ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ቀድሞ ይምጣ። ልጃቸው ከሥራ ቀርቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ ይዟቸው ወጥቶ «ጉልበቴን አመመኝ» የሚሉ ወላጆች ጥቂት ናቸው። የሚሉት «እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተ አይታችሁ ኑ፣ እዚህች ቁጭ ልበል» ነው። ይህች ቃል ከተሰማች ድካሙ ከጀመረ ቆይቷል። ከዚያ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ የሱቅ መስኮት ማየት ይበዛል፣ እጅ አጥር መደገፍ ይጀምራል፣ ጨዋታው ይቋረጣል።

ስለዚህ «ደከመዎት እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። በየ20 ደቂቃው ራስዎ «እኔ ትንሽ ልረፍ» ብለው ይቀመጡ፤ አብረው ይቀመጣሉ። ሽንት ቤትም እንደዚሁ ነው። ብዙ አዛውንቶች መንገድ ላይ ላለመቸገር ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም፤ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒንም በዚያ ቀን ይተዉታል። ውሃ ማጣቱ ያዞራል፣ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ መተውም ግፊቱን ያዛባል። የኪኒኑን ሰዓት ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሽንት ቤቱን ደግሞ «መንገዳችን ላይ ስለሆነ እንግባ» እያሉ እንደ ልማድ ማድረግ ነው፦ ባቡሩ ባዝ ሳይደርስ፣ ሙዚየሙ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ።

የባቡሩ ሰፊ ሽንት ቤት አንድ ወጥመድ አለው። በሩ የሚሠራው በበተን ነው፤ የሚዘጋው በተን ሌላ፣ የሚቆልፈው ሌላ። በሩ ተንሸራቶ ሲዘጋ የተቆለፈ ይመስላል። ሁለተኛው በተን ካልተጫነ ግን ውጭ ያለው ሰው ሲነካው ያ ትልቅ በር ቀስ እያለ እስከ ጥግ ይከፈታል፤ እናት ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። በተኖቹን መጀመሪያ ማሳየት፣ ከዚያ መውጣት፣ ከዚያም በሩ ላይ መቆም ነው።

«አንድ ቀን ከወጣን አይቀር ዊንዘርንና ስቶንሄንጅንም እንጨምር»

ከለንደን የሚነሱ የጉብኝት አውቶቡሶች የዊንዘርን ቤተ መንግሥት፣ የስቶንሄንጅን የጥንት ድንጋዮችና ባዝን፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ያሳያሉ። የሚወስደው ግን 11 ወይም 12 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ወንበር ላይ ያልቃል፤ ለባዝ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ስቶንሄንጅ ላይ ድንጋዮቹ ከመግቢያው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚርቁ ሌላ አውቶቡስ መውጣትና መውረድ ይጨመራል። አውቶቡሱ አርፋጅ አይጠብቅም፤ ቀስ ብለው ለሚራመዱ ሰዎች ደግሞ «15 ደቂቃ አለን» ማለት ማስሮጥ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ላለፈ በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል፦ አንድ ከምሳ በፊት፣ አንድ ከምሳ በኋላ።

«ባቡር ለሦስት ሰው አይቀመስም»

የተለመደው ስህተት ሦስት ሙሉ ትኬት መግዛት ነው። ሦስት ሆነው ከተጓዙና ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ ከሆነ፣ ከ3 እስከ 9 ሰው ለሚሆን ቡድን ያለው ግሩፕሴቭ የሚባል ቅናሽ ያለ ምንም ካርድ ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን ያነሳል። ሦስቱም ትኬት በአንድ ግዢ መውጣት አለበት፤ ሬልካርድ ከሚባለው የባቡር ቅናሽ ካርድ ጋር ግን አይደረብም።

አባትና እናት ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ቱ ቱጌዘር የሚባለው ሬልካርድ ይሻላል፤ አንዱ 35 ፓውንድ ካርድ ለሁለቱም ይሠራል፤ በሥራ ቀን ግን ከ09:30 በፊት አይሠራም፣ ሁለቱም አብረው መጓዝ አለባቸው። ሲኒየር ሬልካርድም 35 ፓውንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን 60 ዓመት የሞላው ሁሉ መግዛት ይችላል። «ነዋሪ ላልሆነ አይሰጥም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ፓስፖርት ይበቃል። ነዋሪነት የሚጠይቀው የአዛውንት ነጻ የአውቶቡስ ካርድ ነው። ለንደን የሚኖሩ ወላጆች ፍሪደም ፓስ ካላቸው ባዝ ከተማ አውቶቡስ ላይም ይሠራላቸዋል፤ በሥራ ቀን ግን ከ09:30 በኋላ ነው።

ፓዲንግተን ላይ የብሪስቶል ቴምፕል ሚድስን ባቡር ይያዙ፤ ባዝ ስፓ ከብሪስቶል በፊት ናት። ወደ ካርዲፍና ስዋንሲ የሚሄደው በብሪስቶል ፓርክዌይ ስለሚያልፍ ባዝን አይነካም። «ብሪስቶል» የሚለውን ብቻ አይቶ የዘለለ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

«ዊልቸርና ድጋፍ ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ነው»

እነዚሁ እናት ቦሌ ላይ ዊልቸር ተጠይቆላቸው፣ ሂትሮው ላይም እየተገፉ ወጥተዋል። ባቡር ላይም ያው አገልግሎት አለ፤ ፓሴንጀር አሲስት ይባላል፣ ክፍያ የለውም፣ ማስረጃም አይጠየቅም። ለጉዞው ሁለት ሰዓት እስኪቀር ድረስ በስልክ ወይም በአፕ ይያዛል። ሠራተኛው እስከ ወንበራቸው ያደርሳል፤ በዊልቸር ለሚገቡ ተዳፋት ሳንቃ ይዘረጋል፣ ባዝ ላይም ሌላ ሠራተኛ ይጠብቃል። ባዝ ስፓ ጣቢያ ሊፍት አለው። መራመድ ለሚችሉም ቢሆን በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለውን ክፍተትና ደረጃ የሚረዳ እጅ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

«መኪና ይቀላል፣ ግን እንደ ለንደን የአየር ብክለት ክፍያ አለ»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። ባዝ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የንጹሕ አየር ቀጠና አላት፤ የግል መኪና ግን ያረጀ ቢሆንም አይከፍልም። የሚያስከፍለው ደረጃውን ያላሟላ ታክሲን፣ ቫንንና ሚኒባስን ነው፤ በቀን 9 ፓውንድ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሚኒባስ ከተከራየ ታርጋውን አስቀድሞ ማጣራት አለበት። የሚከብደው መሀል ከተማ ማቆሚያ ማግኘት ነው። ላንስዳውን፣ ኒውብሪጅና ኦድ ዳውን ላይ መኪናን አቁሞ በአውቶቡስ የሚገባባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

«ፍል ውሃ ስለሆነ ፎጣ እንያዝ»

እናቶች ባዝ የፍል ውሃ ከተማ መሆኗን ሲሰሙ ፍልውሃን፣ ሶደሬን፣ ወንዶ ገነትን ያስባሉ። ምንጩ በእርግጥም ፍል ነው፤ በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልቃል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይወጣል። የሮማውያኑ መታጠቢያ ግን ሙዚየም ነው። አይነከርበትም፣ እጅም አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1978 በውሃው ውስጥ ለአንጎል አደገኛ የሆነ አሜባ ተገኝቶ መታጠብ ተከልክሏል። አረንጓዴው ቀለም የመጣው ከላይ ጣሪያ ስለሌለው ፀሐይ ከሚያበቅለው አልጌ ነው። እንደ ጸበል በጠርሙስ ቀድተው ለመውሰድ የሚያስቡ ወላጆች ካሉ ይህን ቤት እያሉ ማስረዳት ይሻላል፤ እዚያ ደርሶ ጥበቃ ፊት መከልከል ያሳዝናል። በሙዚየሙ ውስጥ ለመጠጥ የተዘጋጀ የምንጭ ውሃ ስላለ ከዚያ መቅመስ ይችላሉ፤ ሞቅ ያለና የማዕድን ጣዕም ያለው ነው።

በእውነት መነከር የፈለገ በ2006 የተከፈተው ቴርሜ ባዝ ስፓ አለለት። እሱም እንደ አዲስ አበባው ፍልውሃ ለየራስ ክፍል ገብቶ የሚታጠቡበት ዓይነት ቤት አይደለም፤ ወንድና ሴት በዋና ልብስ አብረው የሚገቡበት ገንዳ ነው። ለብዙ እናቶች ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። አባት ካሰኛቸውም የልብና የግፊት ሕመም ካለ ሐኪም ይጠየቅ።

ሙዚየሙ ውስጥ ሊፍት አለ። ትልቁ ገንዳ ዙሪያ ያለው ንጣፍ ግን የጥንቱ ድንጋይ ስለሆነ ወጣ ገባ ነው፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ ቤት ይቅር፤ ሶሉ ጎማ የሆነና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ሌላ የሚሳሳቱበት ነገር፦ ከላይ በረንዳው ላይ የቆሙት ሐውልቶች የሮማውያን አይደሉም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠሩ ናቸው። የሮማውያኑ ከታች ነው፤ ገንዳው፣ የእርሳስ ንጣፉና የዓምዶቹ እግር።

«ትንሽ ከተማ ናት፣ በእግር ትዳረሳለች»

ታችኛው ባዝ ሜዳ ነው። ከጣቢያው እስከ ባዝ አቢ ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም በሁለቱም ጎን ሱቅ የተሠራበት የፑልትኒ ድልድይ ድረስ ቀላል ነው። ዳገቱ የሚጀምረው ወደ ሮያል ክሬሰንት ሲወጣ ነው፤ ጌይ ስትሪት ለጤነኛ ጉልበትም ያስተነፍሳል። መፍትሔው ታክሲ ይዞ ሰርከስ የሚባለው ክብ አደባባይ ላይ መውረድ ነው፤ ከዚያ በብሮክ ስትሪት ሜዳ ለሜዳ ሄዶ 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰለፉበት ሮያል ክሬሰንት ይደረሳል። መመለሻውንም በታክሲ ያድርጉት። «ቁልቁለት ስለሆነ እንውረድ» ማለት ሌላ ስህተት ነው፤ የታመመ ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይጎዳዋል።

«አቢው የፕሮቴስታንት ስለሆነ ለእኛ ወላጆች የሚታይ ነገር የለውም»

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጫማ አይወለቅም፣ የአምልኮ ሥርዓቱም ሌላ ነው። ፊት ለፊቱን ግን ቆሞ ማየት ነው፦ በግራና በቀኝ ከመሬት እስከ ጣሪያው ሁለት የድንጋይ መሰላል፣ በላዩ መላእክት ሲወጡና ሲወርዱ፣ የሚወርዱት አንዳንዶቹ በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው። ትውፊቱ ጳጳሱ ኦሊቨር ኪንግ በ1499 ገደማ ያዩት ሕልም ነው ይላል፤ ዘፍጥረትን የሚያውቁ እናት ግን ማንም ሳይነግራቸው «የያዕቆብ መሰላል!» ይላሉ። ፊት ለፊቱ ወንበር አለ፣ ከውጭ ለማየት ክፍያ የለም። 212 ደረጃ ያለው ማማ ለልጅ ልጆች ይቅር። እሑድ በቅዳሴያቸው ምክንያት የጎብኚ ሰዓት አጭር ነው።

«ፌርፊልድ ሃውስ እንግሊዝ ለጃንሆይ የሰጠችው ቤት ነው»

ራሳቸው ናቸው የገዙት። ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ንግግራቸውን ካደረጉ በኋላ በዚያው ዓመት ባዝ ገቡ፤ እስከ 1940 ድረስ ኬልስተን ሮድ ላይ ባለው በዚህ ቤት ቆዩ። በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሲሰጡ ለአረጋውያን እንዲያገለግል ብለው ነው፤ አዛውንቶች ሲውሉበትም ኖረዋል። ጃንሆይን በዘመናቸው ላዩ አባት ይህ ከሮማውያኑ ሁሉ ይበልጣል። ቀኑን የሚመርጡት እሳቸው ከሆኑ ይህን አስቀድሙላቸው።

ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሙዚየም ግን አይደለም። ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ጠይቆ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነም በእግር አይታሰብም፣ ታክሲ ነው።

«ቬጀቴሪያን ማለት የጾም ነው»

አይደለም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይገባበታል። የሚጠየቀው ቪጋን ነው። የባዝ መታወቂያ የሆነው የሳሊ ላን ዳቦም ለስላሳው በወተትና በቅቤ ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ድንች ጥብስ ሲያዙ በምን እንደተጠበሰ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ቤት በከብት ሞራ ይጠብሳል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት (15:00) የሚቆዩ ወላጆች ሌላ ችግር ያጋጥማቸዋል፦ ብዙ ምግብ ቤት ልክ በዚያን ሰዓት ኩሽናውን ይዘጋል። ባቡር ላይ የራስን ምግብ መብላት ስለሚቻል የሽሮ ፍትፍት በቴርሞስ፣ ዳቦና ቆሎ መያዝ ከሁሉ ይቀላል። ስኳር ያለባቸው ግን ሆዳቸው ባዶ ሆኖ መድኃኒት ወስደው እንዳይዞሩ ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር አለባቸው።

«ቪዛ ይዞ የመጣ ሰው ከታመመ አያክሙትም»

ድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው ሕክምና ለማንም ነጻ ነው፤ ባዝ ላይ ያለው በሮያል ዩናይትድ ሆስፒታል ነው። የሚያስከፍለው አልጋ ይዞ መተኛት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ጎብኚ ከመደበኛው ዋጋ 150 በመቶ ይጠየቃል፤ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚፈለገው ለዚህ ነው። የመድኃኒቶቹን ካርቶን ይያዙ፤ «ነጯ ኪኒን» የሚለው አይረዳም።

«ቅዳሜ እንሂድ፣ ማታ እንመለሳለን»

ባዝ ራግቢ በሜዳው ሲጫወት ሜዳው ከፑልትኒ ድልድይ አጠገብ ስለሆነ ባቡሩም ምግብ ቤቱም ይጨናነቃል፤ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የጨዋታውን ፕሮግራም ማየት ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የገና ገበያው መሀል ከተማውን ይሞላዋል፤ ታኅሣሥ ላይ 16:00 አካባቢ ይጨልማል። በክረምታቸው የ15:30ውን አካባቢ፣ በበጋቸው የ17:00ውን አካባቢ ባቡር ይያዙ፤ ትኬቱን ሲገዙ ወንበሩንም ያስይዙ፤ ጠረጴዛ ያለበት ከሆነ እግር ይዘረጋል፣ የቀረው ቆሎም እዚያ ያልቃል።