የደብሊን ዳግም እትም ምንድን ነው?

የ18ኛው ክፍለ ዘመን የደብሊን መጽሐፍ ነጋዴዎች በተነሡ ቁጥር «የለንደንን መጽሐፍ እየሰረቁ የሚያትሙ» የሚል አስተያየት አይጠፋም። ሰረቁ ለማለት የጣሱት ሕግ መኖር አለበት። በ1710 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ላይ የዋለው የብሪታኒያ የቅጂ መብት ሕግ አየርላንድን አይጨምርም ነበር። አየርላንድ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ እሱም እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣም። ለንደን የታተመን መጽሐፍ ደብሊን ላይ እንደገና አትሞ እዚያው መሸጥ የተፈቀደ ንግድ ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ባሕር ሲሻገር ነው። የ1739 ሕግ፣ መጀመሪያ ብሪታኒያ ውስጥ የታተመን መጽሐፍ ውጭ አሳትሞ ለሽያጭ ወደ ብሪታኒያ ማስገባትን ከለከለ። ነገሩን በኬላ አስቡት፦ ከኬላው ወዲህ ገበያ ላይ የሚሸጥ ጨርቅ ሕጋዊ ነው፤ ያው ጨርቅ በሌሊት ኬላውን ዞሮ ሲያልፍ ኮንትሮባንድ ይሆናል። ያሻገረው ይጠየቃል፤ ሸማኔው ግን በሽመናው አይከሰስም። ሸማኔው ራሱ ካሻገረስ? ይከሰሳል፣ በማሻገሩ። አሻግረው የላኩ የደብሊን ነጋዴዎች ነበሩ፤ በዚያ መውቀስ ተገቢ ነው።

ለወቀሳው ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የለንደኑ ደራሲና አታሚ ሳሙኤል ሪቻርድሰን በ1753 ያሰማው አቤቱታ ነው። ልብ ወለዱ ለንደን ላይ ሳይወጣ ከገዛ ማተሚያ ቤቱ የታተሙ ሉኮች ሾልከው ደብሊን ደረሱ። እዚህ ላይ በእርግጥ ስርቆት አለ፤ የተሰረቁት ግን ሉኮቹ ናቸው። ገበያ ላይ የዋለን መጽሐፍ ገዝቶ፣ ፊደሉን አዲስ ለቅሞ ማተም ሌላ ሥራ ነው። እንዲያውም ተፎካካሪን ለመቅደም ለለንደን አሳታሚ ከፍለው ሉኮቹን አስቀድመው የሚያስመጡ የደብሊን ነጋዴዎች ነበሩ።

የደብሊኑ እትም ከለንደኑ ይረክስ ነበር፤ ርካሽነቱ በአብዛኛው ከመጠኑ ይመጣል። ለንደን በትልቁ መጠን፣ በኳርቶ፣ ያወጣችውን ደብሊን በትንንሾቹ፣ በኦክታቮ ወይም በዱዎዴሲሞ፣ ታወጣዋለች። ኳርቶ ከአንድ ሉክ 8 ገጽ ያወጣል፣ ኦክታቮ 16፣ ዱዎዴሲሞ 24። ፊደሉ ሲያንስና ኅዳጉ ሲጠብ ወረቀት ይተርፋል፤ በእጅ ማተሚያ ዘመን ደግሞ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ወረቀት ነበር።

ለካታሎግ ሠራተኞች ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጠኑን በማስመሪያ አትወስኑ፤ ጠራዡ ጠርዙን ቆርጦት ይሆናል። ቅጠሉን ብርሃን ላይ ያዙት፦ ከወረቀት መሥሪያው ወንፊት የቀሩት፣ ተራርቀው የሚታዩት የሽቦ መስመሮች በኦክታቮ ቁልቁል፣ በኳርቶ አግድም ይሄዳሉ። አግድም መሆናቸው ብቻውን ኳርቶ አያሰኝም፤ የተለመደው ዱዎዴሲሞም አግድም ነውና አብሮ ታጥፎ በተሰፋ በአንዱ ጥቅል ስንት ቅጠል እንዳለ ቁጠሩ። ርዕስ ገጹ «ለንደን» ስላለም አትመኑ፤ ደብሊን ታትመው የለንደን ስም የተለጠፈባቸው አሉ። «ደብሊን» የሚል ሁሉም ዳግም እትም አይደለም። የደብሊኑ አታሚ ጆርጅ ፎክነር በ1735 ያወጣው ባለ 4 ቅጽ የደራሲው የጆናታን ስዊፍት ሥራዎች ስብስብ ከለንደኖቹ እትሞች ተሽሎ የአርታዒዎች መነሻ እስከ መሆን ደርሷል።

በ1801 አየርላንድ ከብሪታኒያ ጋር ስትዋሐድ የቅጂ መብት ሕጉ ወደ እሷም ተዘረጋ፤ የደብሊን የዳግም እትም ንግድም ፈረሰ። ያለ ፈቃድ የታተመን መጽሐፍ እዚያው ደብሊን ላይ ሕገ ወጥ ማለት የሚቻለው ከዚህ ዓመት ወዲህ ነው።