ውጥረትን ስለማርገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዕለት ተዕለት ውጥረትን ለማርገብ የሚመከሩት ዘዴዎች ለብዙዎቻችን አዲስ አይደሉም። በጥልቀት መተንፈስ፣ ጡንቻን ማፍታታት፣ በጸጥታ ተቀምጦ ትኩረትን መሰብሰብ የሚሉትን ያልሰማ ጥቂት ነው። ሰምቶ የሞከራቸው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይተዋቸዋል፤ «ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆኑም» ብሎ ይደመድማል። ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰውየውም የዘዴውም አይደለም። የተሳሳተው ሲጀምር የተነገረው ነገር ነው።

«ውጥረት ከሕይወታችን ሙሉ በሙሉ መወገድ አለበት»

ከዚህ የሚነሳ ሰው ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ አደጋ ሲያጋጥም ሰውነት ለመጋፈጥ ወይም ለመሸሽ ራሱን ያዘጋጃል። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ያመራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም ተከትሎ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ለፈተና የተቀመጠን ተማሪ የሚያነቃው፣ ከፊቱ ያለው መኪና በድንገት የቆመበትን ሾፌር ፍሬን የሚያስረግጠው ይኸው ዝግጅት ነው። ችግር የሚመጣው ጉዳዩ ካለፈም በኋላ ሳይበርድ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል ነው። የማርገቢያ ዘዴዎቹም ሥራ ሰውነት ወደ ዕረፍቱ የሚመለስበትን መንገድ ማሳጠር ነው።

«ሲጨንቃችሁ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሳቡ»

ከሁሉም በላይ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ምክር ይመስለኛል። የተጨነቀ ሰው ቀድሞውንም ከሚያስፈልገው በላይ እየተነፈሰ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ደረቱን እየነፋ ደጋግሞ ሲስብ በደሙ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይወርዳል፣ የአንጎል የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ራሱን ያዞረዋል፤ ጣቶቹና የከንፈሩ ዙሪያ ይደነዝዛሉ። «ጭራሽ ባሰብኝ» ብሎ ቢያቆም አይፈረድበትም።

ጥቅሙ ያለው አየሩን በማስወጣቱ ላይ ነው። አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ሌላውን ከእምብርታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ሆዳችሁ ላይ አሳርፉ። እስከ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ደረት ላይ ያለው እጅ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ሆድ ላይ ያለው ከፍ ይበል። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። እንዲህ ሲሆን አንድ ትንፋሽ ዐሥር ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በደቂቃ ስድስት ማለት ነው። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በአማካይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳልና ለውጡ ቀላል አይደለም። አየር ስንስብ ልብ በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ የተባለው ነርቭ ያዘገየዋል። የእጅ አንጓችሁን ምት በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ብትተነፍሱ ይህን ራሳችሁ ልታስተውሉት ትችላላችሁ። መቁጠሩ ከከበዳችሁ ተዉት፤ ማስወጫው ከማስገቢያው ረዘም ካለ ይበቃል።

«ጋደም ካልኩ ወይም ቴሌቪዥን ካየሁ ዐረፍኩ ማለት ነው»

ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ረጅም ዕድሜውን ያሳለፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት እየለካ ሲመረምር፣ ተጋድሞ ያለ ሰው እንኳ ጡንቻዎቹ እንደተወጠሩ ሊቆዩ እንደሚችሉ ተገነዘበ። ይህን እያነበባችሁ ሳለ ጥርሶቻችሁ ተነካክተው፣ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ተጠግቶ፣ ምላሳችሁ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ታገኙት ይሆናል። ማንም አላዘዘውም፤ ሳናውቀው ነው የምንሸከመው።

ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ ያወጣው ጡንቻን ደረጃ በደረጃ የማፍታታት ዘዴ ዛሬ አጠር ባለ መልኩ ይሠራበታል። ቀኝ እጃችሁን ለአምስት ሰከንድ ያህል ጨብጡ፤ ክንዳችሁ ውስጥ የሚሰማችሁን መጨናነቅ ልብ በሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁትና ለሃያ ሰከንድ ያህል እንዲሁ ተከታተሉት፤ ሙቀት ወይም ክብደት ሊሰማችሁ ይችላል። ወደ ግራ እጅ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ ሆድና ወደ እግር እያላችሁ ቀጥሉ። ጉዳት ያለበትን የሰውነት ክፍል ዝለሉት፤ እስኪያምማችሁም አታጥብቁ። ዓላማው የተወጠረ ጡንቻ ከተፈታው የሚለይበትን ስሜት መልመድ ነው፤ ያን የለመደ ሰው በሥራ መካከል ትከሻው ሲወጣጠር ያውቀዋል።

«በተመስጦ (በጸጥታ ተቀምጦ ትኩረትን በመሰብሰብ) ጊዜ አእምሮ ባዶ መሆን አለበት»

አእምሮ በትዕዛዝ ባዶ አይሆንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ተነገራቸው፤ ድቡ ግን እየደጋገመ መጣባቸው። ኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸውም ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ አሰቡት። «ስለ ሥራዬ አላስብም» ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው።

የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ ያስተማረው ቀላል ነው። አንድ ቃል ወይም ትንፋሽን መርጦ መያዝ፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይጣሉት ወደ ቃሉ መመለስ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ሐሳባችሁ ሄዶ ሃምሳ ጊዜ ከመለሳችሁት አልወደቃችሁም፤ መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነውና። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ስንት ሰዎች «አእምሮዬ አይረጋም» ብለው ትተውት ይሆን!

«ንዴትን ጮኾ ወይም ነገር ደብድቦ ማውጣት ይገላግላል»

ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው፤ ያናደደውን ሰው እያሰበ ትራስ የሚደበድብ ሰው ንዴቱ ይባባሳል እንጂ አይበርድለትም። ለሚታመን ሰው ችግርን ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነውና ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅ።

«ሲጋራና መጠጥ ያረጋጋሉ» የሚለውም ብዙ ቤት ያንኳኳል። ሲጋራ ለአጫሹ የሚሰጠው እፎይታ በአብዛኛው ራሱ ኒኮቲን ካመጣው የሱስ ቁንጥንጥ መገላገል ነው፤ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። አልኮል ደግሞ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጣል። ማግስቱን የሚቀበለው ያልጠገበ አንጎል ነው።

«ልምምዱ የሚያስፈልገው ሲጨንቀን ብቻ ነው»

ዋና የሚማር ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱን በጎርፍ ውስጥ አይጀምርም። ልብ እየደለቀ፣ ሐሳብ እየተራወጠ አዲስ ነገር መልመድ ከባድ ነው። በቀን ዐሥር ደቂቃ፣ ያውም በደህናው ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ቢደረግ ሰውነት መንገዱን ይለምደዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ውጥረትን በተመስጦ የማርገብ ታዋቂ ሥልጠናም የየዕለት ልምምድ ያለበት የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። በሦስተኛው ቀን «ምንም አልተሰማኝም» ማለት ለማቆም በቂ ምክንያት አይደለም።

«እነዚህ ዘዴዎች ለሁሉም ሰው ይስማማሉ፣ ሁሉንም ችግር ይፈታሉ»

አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸውን ሊያፍታቱ ሲሞክሩ ጭንቀታቸው ይጨምራል፤ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ክስተት ነው። በተለይ ከባድ የመንፈስ ጉዳት የደረሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መቀመጡ ክፉ ትዝታ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ዓይንን ገልጦ መለማመድ፣ ጊዜውን ወደ ሁለት ደቂቃ ማሳጠር ወይም በዝግታ እየተራመዱ እርምጃን መከታተል ይቻላል። ካልሆነም መተው ነውር የለውም።

የውጥረቱ ምንጭ የማያልቅ የሥራ ጫና፣ ዕዳ ወይም በቤት ውስጥ የሚደርስ በደል ከሆነ፣ ትንፋሽ ምንጩን አያደርቀውም። ጫናውን ከአለቃ ጋር መነጋገር፣ ዕዳውን መደልደል፣ ከበዳዩ የሚርቁበትን እርዳታ መፈለግ የየራሳቸውን ሥራ ይጠይቃሉ። ሐኪም ያዘዘውን የደም ግፊት ወይም የድብርት መድኃኒት «ተመስጦ ጀምሬያለሁ» ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ድንገተኛ የደረት ሕመምም ጭንቀት ነው ተብሎ በልምምድ አይታለፍም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የመከፋት ስሜት ወይም ነገር ሁሉ የማስጠላት ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን ሳይቆጠር፣ በዚያው ዕለት።