«አንደኛ ዓመት መላመጃ ነው» ያሏችሁን አትመኑ

ኮሌጅ ሊገቡ የተዘጋጁ ልጆች ስለ ትምህርት ሊያማክሩኝ በየዓመቱ ይመጣሉ። አዲስ ተማሪዎችን ሳስተምር ብዙ ዓመት ስለሆነኝ፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም ቀድሞ የገባ ጓደኛ የነገራቸው ነገር አለ። አብዛኛው ስህተት ነው። አንዱ ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ ከሱ ልጀምር።

«አንደኛ ዓመት መላመጃ ነው፤ ውጤቱን በኋላ አስተካክለዋለሁ»

ይህን በሰማሁ ቁጥር እስክሪብቶና ወረቀት አወጣለሁ። እናንተም አውጡ።

የጂፒኤ (የአማካይ ውጤት) ስሌት ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ኮርስ ውጤት በክሬዲቱ፣ ማለትም ለኮርሱ በተሰጠው ክብደት፣ ይባዛል። ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ይያዝ። አንድ ተማሪ በየሴሚስተሩ 15፣ በአራት ዓመት 120 ክሬዲት ይወስዳል እንበል። አንደኛ ዓመትን ሲላመድ ከርሞ በ2.0 ጨረሰ። በ30 ክሬዲት 60 ነጥብ ያዘ ማለት ነው። በ3.5 ለመመረቅ 420 ነጥብ ያስፈልገዋል። የቀረው 360 ነጥብ ነው፤ የቀረው ክሬዲት ደግሞ 90። ስታካፍሉት 4 ይመጣል። ስለዚህ ኮርሶቹ እየከበዱ በሚሄዱባቸው ሦስት ዓመታት አንድም ቢ ሳይነካው፣ ሁሉንም ኤ ማምጣት አለበት።

አንደኛ ዓመትን በ3.2 የጨረሰችው ጓደኛውስ? 96 ነጥብ ይዛለች። እሷ በቀሪዎቹ ዓመታት የሚያስፈልጋት አማካይ 3.6 ነው። ይከብዳል፣ ግን ይቻላል።

አንድ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ትዝ ይለኛል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሴሚስተሮች ከአንድ ኮርስ በቀር ሁሉንም ኤ አምጥቷል። ቢያንስ 3.5 የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ፈልጎ ነበር የመጣው። አብረን አሰላን። የቀሩትን ኮርሶች በሙሉ ኤ ቢያመጣ እንኳ 3.4 ላይ ይቆማል። ካልኩሌተሩን ከእጄ ወስዶ እንደገና ደመረው። ያው ነው። «አንደኛ ዓመት ላይ ማንም አልነገረኝም» አለኝ። ነግረውታል፤ የነገሩት ግን የተሳሳተውን ነው።

ወሬው ተቀባይነት ያገኘበት ምክንያት ይገባኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥም ቀላል ይመስላሉ። የቤት ሥራ ሠራችሁ ወይ ብሎ የሚያሳድዳችሁ የለም። ቤተሰብ አጠገባችሁ የለም። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሩቅ ነው። ግን አንድ ክሬዲት ከክላስ ውጭ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ጥናት እንደሚፈልግ ነው በተለምዶ የሚታሰበው። 15 ክሬዲት ያለው ተማሪ 15 ሰዓት ክላስ ይቀመጣል፣ 30 ሰዓት ያጠናል። ድምሩ 45 ሰዓት ነው፤ ሙሉ የሥራ ሳምንት።

ስለዚህ ኮርስ አውትላይን በተሰጣችሁ ቀን ይህን አድርጉ። የሁሉንም ኮርሶች የፈተናና የአሳይመንት ቀን አንድ ካሌንደር ላይ ጻፉ። እያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ጎኑ ላይ አስፍሩ። ኮርስ ድሮፕ ማድረግ (ጀምሮ መተው) የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አጣሩና በቀይ ጻፉት። አንድ ኮርስ ከተበላሸ ደግሞ ደንቡን አንብቡ። ድጋሚ ሲወሰድ አዲሱ ውጤት አሮጌውን የሚተካበት ተቋም አለ፤ ሁለቱንም የሚቆጥርም አለ።

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ፈተናው ነው የከበደኝ»

አንዲት ተማሪ ሃንድአውቷን ይዛ መጣች። ገጹ በሙሉ በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል። «ዝጊውና ምዕራፉ ስለ ምን እንደሆነ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» አልኳት። ሁለት መስመር ጽፋ ቆመች። ሰነፍ አይደለችም፤ ሌሊት እያመሸች ነው ያነበበችው። ደጋግመን ያነበብነው ነገር ዓይናችን ስለለመደው ብቻ ያወቅነው ይመስለናል።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ይህንኑ ፈትነውት ነበር። አንድ ጽሑፍ ካጠኑ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። የኮሌጅ ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም። አንድ ጊዜ አንብቡ፣ ዝጉ፣ ጻፉ፣ የጎደለውን ከፍታችሁ እዩ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት።

«እኔ በማየት እንጂ በመስማት አይገባኝም»

አራት የሥነ ልቦና ምሁራን በ2008 በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ፤ ተማሪን በዚህ ዓይነት ከፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም።

«ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ መቸከል ነው»

አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ቡናም ቢሆን ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓታት ገደማ በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። ተኙ።

«አስተማሪ ቢሮ የሚሄደው ያልገባው ተማሪ ነው»

ይህኛው ያሳዝነኛል። ለተማሪ በመደብኩት ሰዓት በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ማንም አይመጣም። ፋይናል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ኮሪደሩ ይሞላል። ያኔ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በሁለተኛው ሳምንት ኑ። «ምንም አልገባኝም» ብላችሁ ሳይሆን፣ የሞከራችሁትን ይዛችሁ፦ «እስከዚህ መስመር ሠራሁት፣ ከዚህ በኋላ ጠፋኝ።» እንዲህ ብሎ የመጣን ተማሪ መርዳት ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው አስተማሪም እንደዚያው ነው።

«ዲፓርትመንት አንዴ ከተመረጠ አለቀ»

ብዙ ቦታ መቀየር ይቻላል። ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ያው የአንደኛ ዓመት ውጤት ነው። ቀኑን ጓደኛችሁን ሳይሆን ሬጅስትራርን ጠይቁ።