ባይነሪን ማዞር ምንድን ነው?

እሑድ ዕለት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር አሥር የሰፈራችን ልጆች ክብ ሠርተው ቆሙ። ጀልባው ላይ ከፊት የሚቀመጠው አንድ ልጅ ብቻ ነው። መቁጠር ጀመሩ፤ አንዱን ያልፋሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ያስወጣሉ። መጨረሻ ላይ የቀረው አምስተኛው ልጅ ሆነ። «ዕድለኛ!» አሉት።

ዕድል አይደለም። 10ን በባይነሪ ጻፉት። ባይነሪ በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ ነው። የቦታዎቹ ዋጋ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ ያድጋል። 10 ማለት 8 እና 2 ስለሆነ 1010 ይሆናል። አሁን በግራ ጫፍ ያለውን 1 አንሡና ቀኝ ጫፍ ላይ አስቀምጡት፦ 0101። 4 እና 1፣ አምስት! ባይነሪን ማዞር የሚባለው ይኸው ነው።

ግን ለምን ሠራ? ልጆቹ 8 ቢሆኑ ኖሮ በየዙሩ ግማሹ ይወጣል፦ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ቆጠራው ሁሌ ከመጀመሪያው ልጅ ስለሚነሣ የሚቀረው እሱ ነው። 10 ሲሆኑ ከ8 በላይ ሁለት ልጅ አለ። 2ኛውና 4ኛው ሲወጡ ስምንት ቀሩ፣ ተራውም 5ኛው ላይ ደረሰ። እሱ አሁን የመጀመሪያው ልጅ ሆነ ማለት ነው። አሃዞቹም ይህንኑ ይሠራሉ። የግራውን 1 ማንሣት 8ን መቀነስ ነው። የቀረው 2 አንድ ቦታ ወደ ግራ ሲገፋ 4 ይሆናል። ቀኝ ላይ የገባው 1 ሲደመር፣ 5። አንዲት አሃዝ ቦታ ስትቀይር ጨዋታው በሙሉ በውስጧ መኖሩ እስካሁን ይደንቀኛል።

ከ1 ጀምረን ቁጥሮቹን ሁሉ ብናዞር 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 1፣ 3... እያለ ይሄዳል። ሁሉም ጎዶሎ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ 1 ገብቷልና። 2፣ 4፣ 8፣ 16 ላይ ሲደርስ እንደገና ወደ 1 ይወርዳል። ቆጠራው በ1ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ስም የዮሴፈስ ጥያቄ ይባላል። አሃዞችን መገልበጥ ወይም 0ን በ1 መለወጥም ሌሎች የቁጥር ቅደም ተከተሎችን ይወልዳል፤ 6ን (110) ከኋላ ብታነቡት 3 ነው።

ጀልባው ሲመለስ ለትንሹ ልጅ በጠጠር አሳየሁት። «ጋሼ፣ አሥራ ሦስት ብንሆንስ?» አለኝ። 1101 ብለን ደረደርን። የግራዋን ጠጠር ራሱ አንሥቶ ወደ ቀኝ ወሰዳት፦ 1011። በጣቱ ደማመረና «አሥራ አንደኛው ጋ እቆማለሁ» አለ።